በክፉ ቀን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ዝናብ በጊዜው ሳይዘንብ ሲቀር፥ ወይም ጎርፍ ድልድይን ሲወስድ፥ ወይም አንበጣ አዝመራውን ሲበላ፥ ወይም ምድር ተናውጣ ቤት ሲፈርስ፥ በሰው ላይ የሚመጣው መከራ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ነው። የፊተኛው መከራ በእርሻውና በቤቱ ላይ ይወርዳል፤ ይህን ሰው ሊከለክለው አይችልም። ሁለተኛው መከራ ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ በገበያ ይመጣል። ትናንት በአንድ ብር ይሸጥ የነበረው ዛሬ በሦስት ብር ይሆናል፤ በማግሥቱም በሦስት ብር እንኳ የሚሸጥ ይታጣል። ይህ ሁለተኛው መከራ ከደመናና ከነፋስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከሰው ልብና ከሰው እጅ የመጣም አለበት። ስለዚህ ክርስቲያን ሁሉ፥ ይልቁንም በከተማ የሚኖርና ማንበብ የሚያውቅ ሰው፥ በዚህ ነገር የእርሱ ድርሻ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል። መከራው ከመጣ በኋላ ሰው ሁሉ ይደነግጣልና፥ በድንጋጤም ጊዜ ቀና አሳብ ማሰብ ያስቸግራል።

ገበያ በተወደደ ጊዜ በሰው አፍ ሁለት ነገር ይሰማል። አንዱ፥ «መንግሥት ዋጋውን ይቁረጥልን፤ ከተቆረጠው አብልጦ የሸጠውንም ይቅጣልን» ይላል። ሁለተኛው፥ «ነጋዴውን ተዉት፤ ዋጋው ሲወደድ እህሉ ከሩቅ አገር ራሱ ይመጣል» ይላል። የፊተኛው ስለ ድሃው ተቆርቁሮ ይናገራል፤ ሁለተኛውም የሚናገረው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ነገሩን ከውጭ ሆነው ያዩታል። አንዱ በሹም ይታመናል፥ ሁለተኛውም በዋጋ ይታመናል፤ የሻጩና የገዢው ልብ እንዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ከሁለቱ አንድም የለም። እኛ ግን አስቀድመን በቀድሞ ዘመን የሆነውን አንድ ታሪክ እንመልከት። ስለ ውጭ አገር የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በ362 ዓመት የሮም ንጉሥ ዮልያኖስ ወደ አንጾኪያ ከተማ ገባ። ይህ ዮልያኖስ ክርስትናን የካደው ነው፤ ስሙም በእኛ አገር መጻሕፍት የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሩ ዝናብ ጠፍቶ አዝመራው ደርቆ ነበር፤ ደግሞም ንጉሡ ፋርስን ሊወጋ ያከማቸው ሠራዊት በዚያ ስለ ነበረ የሚበላው ሰው በዛ። ሕዝቡም ስለ ኑሮው መወደድ ጮኸ። ንጉሡ በመጀመሪያ የከተማይቱን ታላላቅ ሰዎች ጠርቶ ነገሩን እንዲያቃኑት ነገራቸው፤ ሦስት ወርም ያህል ጠበቃቸው፤ እነርሱ ግን ምንም አላደረጉም። ከዚህ በኋላ ዋጋ ቆርጦ ዐዋጅ አስነገረ። እህልም እንዳይጐድል ካልኪስና ሄራፖሊስ ከሚባሉት ከተሞችና ከአካባቢያቸው 400,000 መስፈሪያ ስንዴ አስመጣ፤ ይህም ባለቀ ጊዜ ከራሱ ጎተራ ጨመረ፥ ከግብጽ የመጣለትንም ስንዴ ለከተማይቱ ሰጠ።

እንግዲህ ምን ሆነ? ስንዴው ረክሶ በገበያ በወጣ ጊዜ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እየገዙ በየቤታቸው ሸሸጉት፤ ዐዋጁ ወደማይደርስበት ወደ ገጠርም አውጥተው በውድ ሸጡት። በተቆረጠው ዋጋ ቢሸጡ የሚከስሩት ነጋዴዎች ደግሞ ዕቃቸውን ማውጣት ተዉ። ስለዚህ የስንዴው ዋጋ በዐዋጅ ረከሰ፥ ስንዴው ግን ከገበያ ጠፋ። አሚያኖስ ማርኬሊኖስ የሚባል የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ንጉሡን የሚያደንቅ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ዋጋን ያለ በቂ ዝግጅት ማርከስ እጦትንና ረኃብን ሊያመጣ እንደሚችል ገልጾ በዚህ ሥራው ነቀፈው። ንጉሡም ከከተማው ሰዎች ጋር ተጣልቶ በ363 ዓመት ከአንጾኪያ ወጣ፤ በዚያውም ዓመት በፋርስ ጦርነት ሞተ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰምተህ፥ «ዮልያኖስ ከሃዲ ስለ ነበረ ሥራው አልተቃናለትም» ብለህ ነገሩን አትለፈው። ስንዴውን የሸሸጉት እነማን ናቸው ብለህ ጠይቅ። አንጾኪያ ደቀ መዛሙርት በመጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ ናት፤ በዮልያኖስም ዘመን ከሰዎቿ የሚበዙት ክርስቲያኖች ነበሩ። በሐዋርያት ሥራ በ11ኛው ምዕራፍ ስለዚህችው ከተማ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን አጋቦስ የተባለ ነቢይ ረኃብ እንደሚመጣ ባስታወቀ ጊዜ፥ በአንጾኪያ ያሉት ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞቻቸው በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። የረኃብን ወሬ በሰሙ ጊዜ የእህል ጎተራቸውን ለመሙላት አልሮጡም፤ ስለ ሌሎች አሰቡ እንጂ። እነዚህ ጥቂቶች ነበሩ፥ ያዘዛቸውም ንጉሥ አልነበረም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የክርስቶስን ስም የተሸከሙት ብዙዎች ሆኑ፥ የንጉሥም ዐዋጅ ነበረባቸው፤ ገበያው ግን አልቀናም። ስለዚህ ክርስቲያን መባል ብቻውን የተራበን ሰው እንደማያጠግብ እንወቅ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በክፉ ቀን ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል። ጎርፍ ድልድዩን ከመውሰዱ በፊት ሁለቱም አንዱን ኩንታል በ100 ብር ገዝተው፥ ለጭነት 10 ብር ከፍለው፥ በ120 ብር ይሸጡ ነበር። ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ የፊተኛው ነጋዴ በረጅሙ መንገድ ዞሮ፥ ለጭነት 50 ብር ከፍሎ፥ በመንገድም አድሮ እህሉን አመጣና በ160 ብር ሸጠው። ሁለተኛው ግን ድልድዩ ሳይፈርስ በርካሽ ያስገባው እህል በቤቱ ሞልቶ ነበር። ደጁን ዘግቶ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ሕዝቡ በተጨነቀ ጊዜ ከፍቶ እርሱም በ160 ብር ሸጠው።

የሁለቱ ዋጋ እኩል ነው፤ ሥራቸው ግን እኩል አይደለም። የፊተኛው በከተማው ያልነበረውን እህል ጨመረ፤ ትርፉም እንደ ቀድሞው 10 ብር ነው። ሁለተኛው በከተማው የነበረውን እህል ከሕዝቡ ፊት ሰወረ፤ ትርፉም ከ10 ብር ወደ 50 ብር ከፍ አለ። አሁን ሹሙ መጥቶ፥ «ከ120 ብር አብልጦ የሸጠ ይቀጣል» ብሎ ዐዋጅ ቢያስነግር፥ የፊተኛው በየኩንታሉ 30 ብር ስለሚከስር መንገዱን ትቶ በቤቱ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግን በሌሊት በጓሮ በር ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሁለቱን የማይለይ ዐዋጅ የሚደክመውን ይጐዳል፥ የሚሸሽገውን ግን አያገኘውም። ዋጋውን እንዲሁ መልቀቅም ሁለቱን በአንድነት ያከብራቸዋል።

ሕግ አውጪዎች ይህን ልዩነት አውቀውታል። በ1992 ዓመት በነሐሴ ወር አንድሩ የተባለ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ደቡብ ብዙ ሺህ ቤቶችን አፈረሰ፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ፥ በረዶና ጣውላ ከሚገባው በላይ ተወደደ የሚል ክስም ተነሣ። ዛሬ በዚያ አገር ባለው ሕግ አደጋ በታወጀ ጊዜ አስፈላጊ የሆነውን ዕቃ ከአደጋው በፊት በነበሩት 30 ቀኖች ከነበረው ዋጋ እጅግ አብልጦ መሸጥ ክልክል ነው። ነገር ግን ሻጩ የራሱ ወጪ ስለ ጨመረበት ዋጋ እንደ ጨመረ ቢያስረዳ ነፃ ይሆናል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ የድካም ዋጋና ከሰው ጭንቀት የተወሰደ ዋጋ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ይመሰክራል። ዳኛ ግን በማስረጃ ብቻ ይፈርዳል፤ የሐሰት ደረሰኝ ሊጻፍ፥ የሐሰት ምስክርም ሊቆም ይችላል። ነጋዴው ግን ከሁለቱ ዋጋዎች የትኛውን እንደ ተቀበለ ያለ ደረሰኝና ያለ ምስክር ያውቃል። እግዚአብሔርም ያውቃል። የሕግ እጅ በማይደርስበት በዚህ ስፍራ የክርስቲያን ጠባይ ይፈተናል።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ «እህል ማስቀመጥ ኃጢአት ነውን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብጽን ምድር ፍሬ አምስተኛውን እጅ አስቀምጧልና። በጥጋብ ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው ለክፉ ቀን ይረዳል። ነገር ግን ረኃብ በሆነ ጊዜ ዮሴፍ ጎተራውን ከፈተ። ክፉው ሰው የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲጠግብ ጎተራውን ክፍት ያደርጋል፥ ሰው ሲራብ ይዘጋዋል። ደግሞ፥ «ነገ መልሼ የምገዛው በውድ ዋጋ ነውና ዛሬ በቀድሞው ዋጋ ብሸጥ ሱቄ ይዘጋል» ትል ይሆናል። ይህም እውነተኛ ነገር ነው፤ ተቀምጠህ በቅንነት አስበው። መልሰህ የምትገዛበትን፥ የጭነቱን፥ የሠራተኛውንና የቤተ ሰብህን መተዳደሪያ ቍጠር። ከዚያ በላይ የሚተርፈው ግን ከየት እንደ መጣ ራስህን ጠይቅ። የመጣው ከድካምህ ካልሆነ፥ ልጇን የምታበላው አጥታ ከደጅህ ከቆመችው ሴት ጭንቀት ነው።

ይህ ነገር ለነጋዴው ብቻ እንዳይመስልህ። በአንጾኪያ ስንዴውን ከገበያ ያጠፉት ገዢዎችም ነበሩ። በከተማ የሚኖር ደመወዝተኛ ሰው የእጦት ወሬ በሰማ ጊዜ ሮጦ የስድስት ወር ዱቄትና ዘይት በአንድ ቀን ይገዛል፤ «ለልጆቼ ነው» ይላል። የዕለት ሠራተኛ ጎረቤቱ ግን የዕለቱን ብቻ ሊገዛ በማታ ቢመጣ ባዶ መደብ ያገኛል። ሀብታሙ የገዛው በትክክለኛ ገንዘብ ነው፥ ሕግም አላፈረሰም፤ ነገር ግን ገና ላልራበው ለራሱ ልጅ ሲል ዛሬ የተራበውን የጎረቤቱን ልጅ እንጀራ ወሰደ። ተማሪ ወንድሜ ሆይ፥ ወሬውን ያወራኸው አንተ ሆነህ እንደ ሆነም አስብ። «ጨው ሊጠፋ ነው» የሚል ቃል ሳይጣራ ከአፍ ወደ አፍ በተላለፈ ጊዜ፥ ቀድሞ ሐሰት የነበረው ነገር በማታው እውነት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ሊገዛ ስለሚወጣ ጨው በእውነት ይጠፋልና።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ነገር አለ። ዋጋ ሳይወደድም ሰው በረኃብ ሊሞት ይችላል። በአገራችን በ1965 ዓመተ ምሕረት በወሎ ዝናብ ጠፍቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። አማርትያ ሴን የሚባል የህንድ ሊቅ በ1981 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው ይህን ያህል አልተወደደም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል ነበረ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ገበሬው አዝመራው ጠፋበት፤ ከብቱም ከፊሉ ሞተ፥ የተረፈውንም በርካሽ ሸጠው። ስለዚህ በእጁ መግዣ አልቀረም። ገበያ የሚሰማው ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሰው ነው፤ ባዶ እጁን የመጣው ሰው ቢጮኽ ዋጋው ንቅንቅ አይልም፤ እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ዋጋ ቢቆረጥም፥ ነጋዴው በቅንነት ቢሸጥም፥ መግዣ የሌለው ሰው ገና ከደጅ ቆሟል። በትክክል የሸጠ ሰው ሥራውን ሁሉ የፈጸመ እንዳይመስለው። መሸጥ የፍትሕ ሥራ ነው፤ ከፍትሕ በኋላ ደግሞ የምሕረት ሥራ ይቀራል። በክፉ ቀን ለድሃ ያለ አራጣ ማበደር፥ ገበሬው በሬውን በርካሽ እንዳይሸጥ መደገፍ፥ ለባዶ እጅ ሰው ሥራ ሰጥቶ ደመወዙን በዕለቱ መክፈል፥ ይህ ሁሉ የምሕረት ሥራ ነው።

ይህንም ያደረገ ሰው አለ። ዮልያኖስ ከሞተ ስድስት ዓመት ያህል በኋላ፥ በ369 ዓመት ገደማ፥ በቀጰዶቅያ በምትገኘው በቂሣርያ ድርቅና ጽኑ ረኃብ ሆነ። ቂሣርያ ከባሕር የራቀች ስለ ነበረች እህል በመርከብ ሊመጣላት አልቻለም። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ቄስ ነበረ፤ ገና ጳጳስ አልሆነም። ዋጋ ሊቆርጥ ሥልጣን አልነበረውም፥ እህል የሚያስመጣበትም የንጉሥ ግምጃ ቤት አልነበረውም። ነገር ግን ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በስብከቱ ገሠጻቸው፤ ዕርሻው ብዙ ባፈራለት ጊዜ ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበውንና በዚያው ሌሊት የሞተውን ሰው ነገር አስታወሳቸው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ እንደሚተርከው፥ የባለጠጎቹን ጎተራ በቃሉ አስከፈተ፤ የተራቡትን ሴትና ወንድ፥ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ ወጥ አስቀቅሎ በወገቡ ታጥቆ ራሱ አስተናገዳቸው። ንጉሡ በዐዋጅ ያላገኘውን ቄሱ በተግሣጽና በራሱ ድካም አገኘው። አንባቢ ሆይ፥ ባስልዮስ መናገር ብቻ ሳይሆን መታጠቁንም ልብ በል፤ ተናግሮ ቢቀመጥ ኖሮ የሚሰማው ባልተገኘም ነበር።

ደግሞ እጦት ፈጽሞ የሚያልቀው እህሉ ሲበቅልና መንገዱ ሲከፈት መሆኑን አንርሳ። ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት ድረስ በሆነው፥ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በጠሩት ዘመን፥ በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬዎቹን ስለ ፈጀ ገበሬው የሚያርስበት አጣ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። በቁፋሮ ሥራ ማፈር በክፉ ቀን እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ እያንዳንዱ እንደ ሥራው ሊጠብቀው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር።

1ኛ፤ ነጋዴ የሆነ ሰው በክፉ ቀን ደጁን አይዝጋ። ዋጋ ቢጨምር ምክንያቱን ለገዢው በግልጥ ይንገር፤ ሊነግረው የሚያፍርበትን ዋጋ አይቀበል። ሚዛኑን አያጉድል፥ እህሉንም ከአፈር አይቀላቅል።

2ኛ፤ ገዢ የሆነ ሰው የሚያስፈልገውን ብቻ ይግዛ። በቤቱ የተረፈ ቢኖር ከጎረቤቱ ጋር ይካፈል፤ ያልተረጋገጠ ወሬም አያውራ።

3ኛ፤ ሹም የሆነ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት እህሉ ከየት እንደሚመጣ ያስብ። መንገዱን ያስጠግን፤ እህል ጭኖ የሚመጣውን በየኬላው አያጉላላ። በርካሽ የሚሸጥ የመንግሥት እህል ቢኖር፥ ሀብታም ጠቅልሎ እንዳይወስደው ለየቤቱ በልክ ያከፋፍል። ከሩቅ ያመጣውንና በቤቱ የሸሸገውን ሳይለይ አይቅጣ። ከሁሉም በላይ ራሱ ወይም ዘመዱ የሸሸገ ቢሆን አይተው።

4ኛ፤ ተማሪ የሆነ ሰው ማንበብና መቍጠር ለማያውቁት ይርዳ፤ ዋጋውንና ሚዛኑን ይመልከትላቸው፤ እጁንም ለሥራ አይሰስት።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ምናልባት ይህን የምታነቡት ዝናቡ መልካም በሆነበት፥ ገበያውም ጥጋብ በሆነበት ቀን ይሆናል። ይህ መልካም ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር መቍረጥ የሚገባ በደኅና ቀን ነውና። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ሁሉ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ታያላችሁ፤ «ሌላው ያተረፈውን እኔ ስለ ምን እተወዋለሁ» የሚል አሳብም ይነሣባችኋል። በዚያን ጊዜ የጎተራችሁ ቍልፍ በእናንተ እጅ እንዳለ፥ እህሉ ግን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ አስቡ። ረኃቡ ያልፋል፤ ድልድዩም ይሠራል፥ ዋጋውም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሰው ግን በረኃቡ ጊዜ ማን ደጁን እንደ ከፈተለትና ማን እንደ ዘጋበት ለልጅ ልጁ ይነግራል። ጌታችንም በመጨረሻ ቀን፥ በ25ኛው የማቴዎስ ምዕራፍ እንደ ተገለጸው፥ የሚጠይቀን ስለዚሁ ነገር ነው፤ የተራበውን አብልተን እንደ ሆነ ይጠይቀናል።

እግዚአብሔር ምድራችንን ከክፉ ቀን ይጠብቅልን፤ ቢመጣም በሚከፈት ደጅና በሚዘረጋ እጅ እንድንገኝ ያድርገን። አሜን።